በሌሊት ያለፈው ማን ነው? የወጥመድ ካሜራ አመራረጥና አጠቃቀም

በምዕራብ ጎጃም፣ ከሽንዲ ከተማ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የወምበርማ አገር፣ በቆሎው እሸት መያዝ ሲጀምር ገበሬው ከቤቱ ይልቅ ማማ ላይ ያድራል። ቀን ልጆች ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮና ጦጣ ይከላከላሉ፤ ሌሊት አባወራው ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንዴ እየጮኸ አንዴ ቆርቆሮ እየመታ ያነጋል። ጎሕ ሲቀድ ወርዶ ማሳውን ሲዞር ግን በዳር በኩል ያለው አገዳ ከሥሩ ተቆርጦ ተጋድሞ ያገኘዋል። ጥፋቱን የፈጸመው ማን ነው? አንዱ ጃርት ነው ይላል፤ ሌላው ከርከሮ ነው ብሎ ይከራከራል። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ጥጃ ከጠፋማ ነገሩ ከክርክር ያልፋል። ተጠርጣሪው ጅብ ወይም ነብር ይሆናል፤ ፍርዱም አንዳንድ ጊዜ በሬሳ ላይ የሚነሰነስ መርዝ ነው። መርዙን የሚበላው ግን የግድ ጥጃውን የበላው አይደለም። አሞራውም፣ ቀበሮውም፣ የሰፈሩ ውሻም ይበላዋል።

የአገሩ ሰው ከኮቴ፣ ከኩስና ከጥርስ ምልክት ብዙ ነገር ያነብባል። ጃርት በሰፋፊ የፊት ጥርሱ ከሥር የቆረጠውን አገዳና ዝንጀሮ በእጁ ሰብሮ የጣለውን ለመለየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ይሁንና ዝናብ ኮቴውን ካጠበው ወይም መሬቱ ደርቆ ምልክት ካልያዘ ምስክር ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛና እንስሳውን የማያስበረግግ ተመልካች የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በእንግሊዝኛ ‹ትሬይል ካሜራ› ወይም ‹ካሜራ ትራፕ› ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የወጥመድ ካሜራ እንለዋለን። ወጥመድ መባሉ እንስሳውን ስለሚይዝ አይደለም። እንስሳው በእንቅስቃሴው የራሱን ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ስለሚያደርገው ነው።

ካሜራውን ገዝቶ ዛፍ ላይ ማሰር አስቸጋሪ አይደለም። ያነሣውን ፎቶግራፍ ማየትም ደስ ያሰኛል። አስቸጋሪው ካሜራው ያላሳየውን ነገር መተርጎም ነው። ከምንመርጠው ሞዴል ጀምሮ እስከምናስርበት ቁመት ድረስ እያንዳንዱ ውሳኔያችን አንዳንድ እንስሳትን ያሳየናል፤ ሌሎቹን ይደብቅብናል። በመሆኑም መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ የተጠቀመበት ሰው ፎቶግራፍ ያገኛል እንጂ ማስረጃ አያገኝም።

የሙቀት ዐይንና የብርሃን ዐይን

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ የዱር እንስሳት በሚያልፉበት ቦታ ገመድ እየዘረጋ፣ እንስሳው ገመዱን ሲነካ ብልጭታው እንዲበራና ፎቶግራፉ እንዲነሣ ያደርግ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1906 የሺራስን 74 ፎቶግራፎች በአንድ እትም አውጥቷል። ዛሬ የገመዱን ቦታ የያዘው የሙቀት ዳሳሽ ነው።

የዛሬው የወጥመድ ካሜራ ሁለት ዐይኖች አሉት ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ከፊቱ ጎርበጥ ያለ የፕላስቲክ ሌንስ የተገጠመለት ዳሳሽ ነው። ይህ ዳሳሽ ቅርጽ አያይም፤ የሚለየው የሙቀት ልዩነትን ነው። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የሚባለውን ጨረር ያወጣል። የፊዚክስ ተማሪዎች በቪን ሕግ ሊያሰሉት ይችላሉ፤ 2898ን በኬልቪን በተለካ ሙቀት ስናካፍል ጨረሩ የሚበረታበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮ ሜትር እናገኛለን። 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለሞቀ አካል፣ ማለትም ለ310 ኬልቪን፣ ውጤቱ 9.3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። የፕላስቲኩ ሌንስ ከፊት ያለውን ቦታ ወደ ብዙ ክፍሎች ይሸነሽነዋል። ከአካባቢው የሞቀ እንስሳ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር በዳሳሹ ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጠራል፤ ካሜራውም ይነቃል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ግቢን መጠበቅ አይቻልም፤ ተራ መስታወት ይህን ረጅም ሞገድ አያሳልፍምና ዳሳሹ ይታወራል። ሁለተኛ፣ የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢው ጋር የሚመሳሰለው እባብና እንሽላሊት ለዚህ መሣሪያ የሉም ማለት ይቻላል። ካሜራው እባብ ስላላነሣ ብቻ በጫካው እባብ የለም የሚል ሰው አይኖርም፤ ስለ ነብር ግን እንዲህ ያለ ድምዳሜ ይሰማል። ሦስተኛውና ለእኛ አገር የሚብሰው የቆላው ሙቀት ነው። በዓባይ ሸለቆ ቀትር ላይ አለቱና መሬቱ ሲግል የመሬቱ ሙቀት ከእንስሳው ቆዳ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ልዩነት ከሌለ ደግሞ ለዳሳሹ እንስሳ የለም። ያው ካሜራ ደጋ ላይ ቢታሰር ሊያየው የሚችለውን ድኩላ በረሃው ውስጥ ከቀትር በኋላ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ዐይን ፎቶግራፉን የሚያነሣው ነው። ይህኛው የሚሠራው በብርሃን ነው። ሌሊት ሲሆን ካሜራው የራሱን መብራት ያበራል፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ይህም መብራት ‹ኢንፍራሬድ› ይባላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መብራቱ የሚያወጣው 850 ወይም 940 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ሲሆን፣ ይህ ከእንስሳው ሰውነት ከሚወጣው ጨረር በዐሥር እጥፍ ያህል ያጠረ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሙቀት ሥዕል አይደለም፤ ለእኛ በማይታይ ብርሃን የተነሣ ተራ ፎቶግራፍ ነው። ይህን ለማረጋገጥ የቴሌቪዥን ሪሞት ይበቃል። የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ሞባይል ስልክ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ስትጫኑ በብዙ ስልኮች ላይ፣ በተለይም በፊት ለፊቱ ካሜራ፣ በዐይን የማይታየው መብራት ወይን ጠጅ መስሎ ብልጭ ሲል ይታያል።

ሲገዛ ምን ይታይ?

ሻጩ በመጀመሪያ የሚጠራላችሁ የሜጋ ፒክስሉን ቁጥር ነው። በመጀመሪያ መርሳት ያለባችሁም እሱኑ ነው። ካርቶኑ ላይ 48 ተብሎ ቢጻፍም የውስጡ ዳሳሽ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቀሪውን ነጥብ ካሜራው በስሌት ፈጥሮ ይሞላዋል፤ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ዝርዝሩ አይጨምርም።

ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ካሜራው ከነቃበት ቅጽበት እስከሚያነሣበት ድረስ ምን ያህል ይዘገያል የሚለው ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሰገረ የሚያልፍ ጅብ በአንድ ሴኮንድ 2.8 ሜትር ይሄዳል። የካሜራው የእይታ ማዕዘን 40 ዲግሪ ቢሆንና ጅቡ በ3 ሜትር ርቀት ቢያልፍ በፎቶግራፉ የሚሸፈነው ስፋት 2.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሴኮንድ የሚዘገይ ካሜራ ባዶ መንገድ ወይም የጅራት ጫፍ አንሥቶ ይመለሳል። ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› የሚለው ተረት ለቀርፋፋ ካሜራ የተነገረ ይመስላል። መዘግየቱ 0.3 ሴኮንድ ቢሆን ግን እንስሳው የሚርቀው 84 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰውነቱ ይገባል። አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚቀጥለው እስኪዘጋጅ የሚወስደው ጊዜም እንዲሁ መታየት አለበት። ድኩላዋ ካለፈች በኋላ ግልገሏ ከኋላዋ ሊኖር ይችላል።

መብራትን በሚመለከት ምርጫው እንደ ጥያቄው ይለያያል። 850 ናኖ ሜትሩ ራቅ ብሎ ያበራል፤ ነገር ግን ሲበራ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ይታያል። 940 ናኖ ሜትሩ በዐይን አይታይም፤ የሚደርሰው ግን በአጭሩ ነው። ነጭ ብልጭታ የሚሰጡ ሞዴሎች የሌሊቱን ፎቶግራፍ በቀለምና በጥራት ያወጡታል፤ የነብርን ነጠብጣብ ለመለየት ከሁሉም ይሻላሉ። ይሁን እንጂ እንስሳውን ሊያስደነግጡ፣ ካሜራው ያለበትንም ቦታ ለሌባ ሊያሳዩ ይችላሉ። በየትኛውም ቢሆን ብርሃን በርቀት ካሬ መጠን እንደሚቀንስ መርሳት አይገባም፤ በ6 ሜትር የደረሰው ብርሃን 12 ሜትር ላይ አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። ‹30 ሜትር ያበራል› የሚለውን የካርቶን ጽሑፍ በዚህ መዝኑት። ፎቶግራፉን በስልክ መስመር የሚልኩ ሞዴሎችም አሉ፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ገደል ውስጥ ግን ለሌላ ካሜራ ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ይበላሉ።

ስለ ድንጋይ ትንሽ እንቆይ። ብዙዎቹ ካሜራዎች የግድግዳ ሰዓት የሚጠቀምበትን ዓይነት ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ስምንት ወይም ዐሥራ ሁለት ያስገባሉ። ከሱቅ በርካሽ የሚገኘው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ለሰዓት ይበቃል፤ መብራቱ የሚጠይቀውን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ግን ሊሰጥ አይችልም። ውጤቱ አሳሳች ነው። ካሜራው ቀን ያለ ችግር ይሠራል፤ ሌሊት መብራቱን ለማብራት ሲሞክር ይዝላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርዱ ሲታይ ጦጣና ዝንጀሮ ሞልቶበት ጃርትም ጅብም የሉበትም። ያልነበሩት እንስሳቱ ናቸው ወይስ ኃይሉ? አልካላይን ድንጋይ ከዚህ ይሻላል፤ የማይሞላው የሊቲየም ድንጋይ ደግሞ ዋጋው ቢከብድም እስኪያልቅ ድረስ ኃይሉ አይዋዥቅም። እየሞሉ የሚጠቀሙበት ኒኬል ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ያዋጣል፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ቮልቴጅ 1.5 ሳይሆን 1.2 ስለሆነ ካሜራው የሚቀበለው መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ሲታሰር

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያ ሙከራ ለትምህርት ይጠቅም ይሆናል። ካሜራውን በማሳ ዳር፣ በደረቴ ቁመት፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ አሰርሁት። በሳምንቱ ስመለስ ካርዱ ሞልቷል፤ የሞላው ግን በነፋስ በሚወዛወዝ ሣርና በማለዳ ፀሐይ ነበር። በአንደኛው ፎቶግራፍ ግርጌ ሁለት የጃርት እሾሆች ብቅ ብለዋል። ባለቤታቸው ከካሜራው ሥር አልፏል።

ቁመቱ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከጥርኝ እስከ ነብር ያለውን ሁሉ ያካትታል። በደረት ቁመት የታሰረ ካሜራ ከብትና ሰው ያነሣል፤ ትንንሾቹን ይዘላቸዋል። እንስሳው ከሚያልፍበት መስመር ያለው ርቀት ከ3 እስከ 5 ሜትር ይበቃል። ካሜራው ከመንገዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሠራ እንስሳው ቶሎ ይሾልክበታል። በመንገዱ ትይዩ ወደ ፊት ከተመለከተ ደግሞ፣ በቀጥታ የሚመጣ እንስሳ የዳሳሹን ክፍሎች ስለማያቋርጥ ዘግይቶ ይታያል። 45 ዲግሪ ገደማ ማጋደል ሁለቱን ያስታርቃል።

አቅጣጫን በተመለከተ ሽንዲ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪና ተኩል አካባቢ ላይ እንዳለች እናስታውስ። በታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ከምሥራቅና ከምዕራብ ዝቅ ብላ በቀጥታ ሌንሱን ትመታለች። በበጋ ወራት ካሜራው ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር ከሁሉም ይጠበቃል። በክረምት ካሜራውን በፌስታል መጠቅለል የሚያምራቸው አሉ፤ ፌስታሉ የሌሊቱን መብራት መልሶ ወደ ሌንሱ ስለሚያንጸባርቅ ፎቶግራፉ ነጭ ጉም ይሆናል። ከላይ እንደ ቆብ የሚከልል ቆርቆሮ ወይም ቅርፊት ይሻላል።

ቦታ መምረጥ የመሣሪያውን ያህል ይወስናል፤ ምናልባትም ይበልጣል። እንስሳት ሌሊት የሰውን መንገድ ይጠቀማሉ። የወንዝ መሻገሪያ፣ የአጥር ሽንቁር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደን ወደ ማሳ የሚወርድ ቀጭን መተላለፊያ ጥሩ ቦታዎች ናቸው። ጥርኝ ኩሱን ደጋግሞ በአንድ ስፍራ የመጣል ልማድ አለው፤ እንዲህ ያለ ስፍራ ያገኘ ሰው ዝባድ ያወጣ የነበረውን እንስሳ ያለ ማባበያ ፎቶግራፍ ሊያነሣው ይችላል። በካሜራው ፊት ያለው ሣር ይታጨድ፤ የቤተ ክርስቲያን ደን ቅርንጫፍ ግን አይቆረጥ። ታኅሣሥ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ በቆላው እሳት ስለሚነሣ ከዛፉ ሥር ያለውን ድርቆሽ ማጽዳት ካሜራውን ከቃጠሎ ያድነዋል። ከዝንጀሮ እጅና ከጅብ ጥርስ የሚያድነው ጠንካራ ማሰሪያና የብረት ሳጥን ብቻ ነው። በመጨረሻ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንዳችሁ እንደ ጃርት በእጅና በጉልበት እየዳኻችሁ በካሜራው ፊት እለፉ። የሚያዩ ልጆች ይሥቃሉ፤ ፈተናው ግን ከዚህ የተሻለ የለውም።

ጥቅምት 30ን የማያውቅ ሰዓት

ፎቶግራፉ ላይ የሚታተመው ቀንና ሰዓት የማስረጃው ግማሽ ነው። ከርከሮ በአብዛኛው የቀን እንስሳ ነው፤ የዱር አሳማ ደግሞ የሌሊት። ሌሊት የጠፋ በቆሎ ከርከሮን ከክሱ ሊያወጣው የሚችለው ሰዓቱ የታመነ ከሆነ ብቻ ነው።

ካሜራውን በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ለመሙላት መሞከር የሚያስቅ ችግር ያመጣል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ካሜራው ፌብሩዋሪ ያደርገዋል፤ ጥቅምት 30ን ሊቀበል አይችልም። ጳጉሜንን ደግሞ ከነጭራሹ አያውቃትም። ስለዚህ ካሜራው በፈረንጅ አቆጣጠርና በ24 ሰዓት ይሞላ፤ መለወጡ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይሁን። 19፡40 ከምሽቱ 1፡40 ነው፤ 02፡15 ከሌሊቱ 8፡15። ካሜራው እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ስለሚቀይር አንዱ ሌሊት በሁለት ቀን ይከፈላል። ገበሬው ‹ለማክሰኞ አጥቢያ› ያለውን ሌሊት ከካሜራው ጋር ለማስማማት የሰኞን ምሽትና የማክሰኞን ሌሊት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ባለማድረግ እውነተኛ ምስክር ውሸታም ሊባል ይችላል።

ባዶ ካርድ ምን ይናገራል?

በአማራ ክልል ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,666 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። የአካባቢው ሰዎች አንበሳ እንዳለ ይናገሩ ነበር። በዓለም አቀፍ የጥበቃ ሰነዶች ግን የተረጋገጠ የአንበሳ መኖሪያ አልነበረም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃንስ ባወር በቦርን ፍሪ ድርጅት ድጋፍ ከባልደረቦቹ ጋር በስፍራው የወጥመድ ካሜራ አስሮ፣ ኮቴም ፈልጎ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. አንበሳ መኖሩ በፎቶግራፍ መረጋገጡ ይፋ ሆነ።

በዚያው ዘገባ በአላጥሽ ከ27 እስከ 54 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገምቷል። ቁጥሩን የሰጠው ካሜራው አይደለም። በየ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ ከ1 እስከ 2 አንበሳ ይኖራል የሚል ግምት በፓርኩ ስፋት ሲባዛ የተገኘ ነው። ካሜራው መኖርን አረጋገጠ፤ አልቆጠረም። ሁለቱን የሚያምታታ ጽሑፍ በጋዜጦቻችን ብቻ ሳይሆን በመመረቂያ ጥናቶችም ላይ ያጋጥማል።

መኖር በአንድ ፎቶግራፍ ይረጋገጣል። አለመኖርን ማረጋገጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ካሜራ በአካባቢው ያለን ነብር በአንድ ሌሊት የማንሣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው ብለን ለምሳሌ ያህል እንነሣ። ሳያነሣው የማደር ዕድሉ 0.95 ነው። በ14 ሌሊቶች አንዴም ሳያነሣው የመቅረት ዕድሉ 0.95 በራሱ 14 ጊዜ ተባዝቶ 49 በመቶ ያህል ይሆናል። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደማለት ነው። በ30 ሌሊት ወደ 21 በመቶ ይወርዳል፤ ከ5 በመቶ በታች ለመውረድ 60 ሌሊት ያህል ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንት ካሜራ አስሮ ‹በዚህ ደን ነብር ጠፍቷል› ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የጻፈው ስለ ነብሩ ሳይሆን ስለ ትዕግሥቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ እንስሳ የለበትም የተባለ ደን ለመመንጠር ይቀላል። ጎጃም ይህን ዓይነቱን ኪሳራ ያውቃል። በጮቄ ተራራ ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮ መጥፋቱ የተመዘገበ ሲሆን፣ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ይህ እንስሳ ዛሬ ከዓባይ በስተ ምዕራብ አይኖርም።

መቁጠር የሚፈልግ ሰው የግለሰቡን እንስሳ ማንነት መለየት አለበት። ሕንዳዊው ሳይንቲስት ኡላስ ካራንት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት የነብር ዘመድ የሆነውን ታይገር በዥንጉርጉር መስመሩ እየለየ ብዛቱን የሚገምትበትን ዘዴ አሳይቷል። የነብር ነጠብጣብና የጅብ ዥንጉርጉርም ልክ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ አንዱ ይለያል። በመጀመሪያው ዙር 8 ጅቦች ተለይተው ቢታወቁ፣ በሁለተኛው ዙር 10 ቢነሡና ከእነዚህ 4ቱ ቀድሞ የታወቁት ቢሆኑ፣ ጠቅላላው ግምት 8 በ10 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 20 ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የነብር የግራና የቀኝ ጎን ነጠብጣብ አይመሳሰልም። በአንድ ካሜራ በግራ ጎኑ የተነሣ ነብር በሌላ ቀን በቀኝ ጎኑ ቢነሣ ሁለት ነብር ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ለቆጠራ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ማሰር ግድ ነው፤ ፊት ለፊት እንዳይተያዩና አንዱ በሌላው መብራት እንዳይታወር ጥቂት ፈቀቅ ይበሉ። ነጠብጣብ የሌላቸውን ጃርትና ሚዳቋን በዚህ መንገድ መቁጠር አይቻልም፤ አንድ ጃርት በአንድ ሌሊት ዐሥር ጊዜ ቢነሣ ዐሥር ጃርት አይደለም። በዚህ የተነሣ ተመራማሪዎች በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ የተደጋገመውን እንደ አንድ ይይዙታል።

ካሜራው ፈጽሞ የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም አሉ። ጅቡ በማሳው አለፈ ማለት ጥጃውን በላ ማለት አይደለም። ጅብ ምን በላ የሚለውን የሚመልሰው ኩሱ ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በትግራይ የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር መርምረዋል። በዐቢይ ጾም የእርድ ትርፍ ሲቋረጥ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከ14.8 በመቶ ወደ 33.1 በመቶ አድጎ፣ ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወርዷል። የሥጋ ቤቱ መዘጋት ጅቡን ወደ በረት እንዳመጣው የተናገረው አንድም ፎቶግራፍ ሳይሆን አጉሊ መነጽር ነው።

ካሜራው ሰውንም ያነሣል

እንስሳት በሰው መንገድ ስለሚሄዱ ካሜራው ውኃ የምትቀዳውን ሴት፣ ማገዶ የሚለቅመውን ልጅ፣ ሌሊት ወደ ቅዳሴ የሚሄዱትን ካህን ያነሣል። ስለዚህ ካሜራ ከመታሰሩ በፊት የማሳውን ባለቤት፣ ደኑ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን፣ ቀጥሎም ቀበሌውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የዱር እንስሳት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚመራ በመሆኑ ለጥናት ከሆነ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤም ከእጅ አይለይ። የሰው ምስል የወጣበት ፎቶግራፍ ለማንም ሳይታይ ይሰረዝ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ምክንያት ይህ ጥንቃቄ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። ባለቤቱ ያልታወቀ፣ ዛፍ ላይ የታሰረ መሣሪያ ሌላ ነገር ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል፤ ጸጥታ በሌለበት ስፍራና ጊዜ አለማሰር ነው።

የማረፊያው ጊዜ ሲገኝና ፈቃዱ ሲሟላ አንድ ጥያቄ ለአካባቢው ተማሪዎች እንተው። ‹ነብር አየኝ በል!› ሲባል የሚሰማው ዛቻ አለ፤ በሽንዲና በዓባይ ገደል መካከል ግን ነብር ያየው ሰው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ነብር ከሸለቆው ተነሥቶ በወንዝ ዳር ዛፍና በቤተ ክርስቲያን ደን እየተሸጋገረ እስከ ወይና ደጋው ይወጣልን? ለዚህ አራት ካሜራ በሁለት ስፍራ ይበቃል። አንዱ ጥንድ ከገደሉ አፋፍ፣ ሌላው ጥንድ ከደኑ ጫፍ፣ ሣሩ ከደረቀበት ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር ማብቂያ 60 ሌሊት። ድንጋዩ በየሃያ ቀኑ ይታይ፤ ካርዱም ይለወጥ። የወጣውን ካርድ ወደ ከተማ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ማማው ላይ ያደሩትን አባወራ ጠርታችሁ ፎቶግራፎቹን አብራችሁ እዩ። እናንተ ‹ያልታወቀ› ብላችሁ ልትጽፉበት የነበረውን ግማሽ ጀርባ ከአካሄዱ ለይተው ስሙን ሊነግሯችሁ ይችላሉ።